በሚፈርሱ ሕንፃዎች መካከል

ሪቻርድ ኒክል በ1928 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ከፖላንድ ዘር ከሆነ ቤተሰብ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚገኙትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በወጣትነቱ በውትድርና ካገለገለ በኋላ በከተማው በሚገኘው የንድፍ ትምህርት ተቋም ገብቶ የፎቶግራፍን ሙያ ተማረ። በዚያም ሳለ መምህሩ አሮን ሲስኪንድ ተማሪዎቹ የሉዊስ ሰለቫንንና የባልደረባውን የዳንክማር አድለርን ሕንፃዎች በፎቶግራፍ እንዲመዘግቡ አደረገ። ሌሎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደየሥራቸው ሲሄዱ፥ ኒክል ግን ይህን ተግባር የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው።

ከ1856 እስከ 1924 ዓ.ም. የኖረው ሰለቫን የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎችን አሠራር ከመሠረቱት ታላላቅ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። የሕንፃዎቹን ግድግዳ፥ ጣሪያና ደረጃ ቅጠልና አበባ በሚመስሉ ጌጦች ያስውብ ነበር። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቺካጎ ስትታደስ፥ እነዚህ ሕንፃዎች እንደ አሮጌ ዕቃ ተቆጥረው በየተራ ይፈርሱ ጀመር።

ኒክል አንድ ሕንፃ ሊፈርስ መሆኑን በሰማ ጊዜ ካሜራውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ሰው የለቀቃቸውን አዳራሾች፥ ደረጃዎችና በጌጥ የተሞሉ ጣሪያዎች እየዞረ ፎቶግራፍ ያነሣል። ፎቶግራፍ ማንሣቱን ሲፈጽም ደግሞ ከሸክላ፥ ከጀሶና ከብረት የተሠሩትን ጌጦች እየነቀለ ወደ ወላጆቹ ቤት ያጓጉዛል።

ሆኖም የኒክል ዋና ምኞት ሕንፃዎቹ ሳይፈርሱ እንዲኖሩ እንጂ ሥዕላቸው ብቻ እንዲቀር አልነበረም። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. ጋሪክ የተባለው የቴአትር ሕንፃ ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ፥ ከሌሎች ተቃዋሚዎች ጋር ሰልፍ ወጣ። ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ብዙ ካከራከረ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ሕንፃው ፈረሰ፤ በቦታውም የመኪና ማቆሚያ ተሠራ።

ከዚያም በ1894 ዓ.ም. የተገነባው የቺካጎ የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ ተራው ደረሰ። ኒክል ሚያዝያ 13 ቀን 1972 ዓ.ም. በከፊል ወደ ፈረሰው ሕንፃ ብቻውን ገባ። የሕንፃው ክፍል ተንዶ ተጫነውና በ43 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑም ከሦስት ሳምንት በላይ ተፈልጎ ከፍርስራሹ ሥር ተገኘ። በዚያው ዓመት ትዳር ለመመሥረት ተዘጋጅቶ ነበር።

የድካሙ ፍሬ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። እርሱና ባልደረቦቹ ካዳኗቸው ቅርሶች የአክሲዮን ገበያው የመገበያያ አዳራሽ እንደገና ተገጣጥሞ በ1977 ዓ.ም. በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ውስጥ ቆመ። የሕንፃው መግቢያ ቅስትም በዚያው ተቋም አጠገብ ተተክሏል። ኒክል የጀመረውና በሕይወቱ ሳለ ሳይፈጽመው የቀረው የአድለርና የሰለቫን ሥራዎች መጽሐፍም በ2010 ዓ.ም. ታተመ።

ኒክል በዘመኑ ሀብትም ሹመትም አላገኘም፤ ከታገለላቸውም ሕንፃዎች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ነገር ግን አንድ ከተማ የሚያፈርሰውን ነገር ዋጋ አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባው አስተምሮ አልፏል። ዛሬ የጋሪክን አዳራሽ ውበት ማየት የሚሻ ሰው ሕንፃውን ሊያገኘው አይችልም፤ የሚያየው ኒክል ባነሣቸው ፎቶግራፎች ነው።