ቅዱስ ያሬድና ያቺ ትል

የእግዚአብሔርን መኖር ከፍጥረቱ መረዳት እንደሚቻል ስንማር፥ በምሳሌነት የሚቀርቡልን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይና ከዋክብት፥ ባሕርና ተራራ ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው ፈጣሪውን በአንዲት ትል ስላስተዋለ ኢትዮጵያዊ ነው።

ቅዱስ ያሬድ የተወለደው በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ ዘመዱ ለነበረው ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ነገር ግን ትምህርቱ ሊገባው አልቻለም። ያጠናውን ይረሳል፤ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ መምህሩም ይገርፈዋል። በመጨረሻም መታገሥ አቅቶት ከአክሱም ጠፍቶ ሄደ።

ታሪኩ እንደሚነግረን፥ በመንገድ ላይ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። እዚያም አንዲት ትል በግንዱ ላይ ልትወጣ ስትታገል አየ። ጥቂት ወጥታ ትወድቃለች፤ እንደ ገና ትጀምራለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከላይ ደረሰች። ያሬድም አልቅሶ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ለመነ፤ ከዚያም ትምህርቱ ተገለጸለት።

በክፍላችን ከኋላ ረድፍ የምንሰለፍ ተማሪዎች ይህን ታሪክ መውደዳችን አያስደንቅም። ሆኖም ብዙዎች የሚይዙት የትጋቱን ነገር ብቻ ነው፤ በእኛ አስተያየት ይህ እኩሌታው ነው። በዚያ ዛፍ ሥር ያለፈው መንገደኛ ያሬድ ብቻ አልነበረም። ትል ደግሞ በየዛፉ አለች። እርሱ ያያት፥ ራሱም ወድቆ ስለ ነበረና ዐይኑ ወደ ምድር ዝቅ ስላለ ይመስለናል። ያለ መምህርና ያለ አለንጋ ያን ትጋት ለትል የሰጣት ማን እንደ ሆነ ለማሰብ፥ አስቀድሞ ትልን ማየት ያስፈልጋል። ጠቢቡ ሰሎሞንም ሰነፉን ወደ ገብረ ጕንዳን እንጂ ወደ አንበሳ አልላከውም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ሦስት ወፎች ከገነት ተልከው ሰማያዊውን ዜማ እንዳሰሙት፥ እርሱም በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ማዜሙ ይተረካል። አንድ ቀን ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተክለው ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ድጓው ነው። ዝማሬው በየወቅቱ የተከፈለ ስለ ሆነ፥ ክረምት ሲገባ ደመናው፥ ዝናሙ፥ ወንዙና ዘሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘመራሉ። ገበሬ በማሳው የሚያየውን ካህኑ በመቋሚያና በጽናጽል ለፈጣሪ ያቀርበዋል።

ያሬድ በመጨረሻ ከቤተ መንግሥት ርቆ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደና በዚያ እያስተማረ ኖረ። ግንቦት 11 ቀን እንደ ተሰወረ ይታመናል፤ በዓሉም በዚሁ ቀን ይከበራል።

ዶሮ ማነቂያ ያደግን ልጆች፥ እውነቱን ለመናገር፥ ያየነው ከዛፍ ይልቅ ቆርቆሮ ነው። ሆኖም በክረምት ሌሊት ዝናሙ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፥ ጋብ ባለ ቁጥር የአራዳ ጊዮርጊስ ማሕሌት ይሰማን ነበር። የሠፈራችን ቤቶች አብዛኞቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰው ጎረቤቶቻችን ወደየአቅጣጫው ሄደዋል። የክረምቱ ዜማ ግን ዘንድሮም በጊዮርጊስ ተዚሟል፤ ከመካከላችን ሁለቱ ከሩቅ ሠፈር በሌሊት ተነሥተው መጥተው ሰምተውታል።