ክሎድ ቤርናርና የጉበት ጎተራ

በራጉኤል አካባቢ የምንኖር ተማሪዎች፥ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ሸክም ሲሸከሙ የሚውሉ የመርካቶ ሠራተኞችን ዘወትር እናያለን። ሆድ ባዶ ሳለ ይህ ጉልበት ከወዴት ይመጣል? ከመልሱ ታላቁን ክፍል ያገኘው የፈረንሳዩ ሊቅ ክሎድ ቤርናር ስለ ሆነ፥ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ክሎድ ቤርናር በ1813 ዓ.ም. ሴን ዡልየን በምትባል መንደር ከወይን ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ በሊዮን ከተማ በመድኃኒት ቤት ሲሠራ ቴአትር ይጽፍ ነበር። በ1834 ድርሰቱን ይዞ ወደ ፓሪስ ቢሄድ፥ ሴን ማርክ ዢራርዳን የተባለው ሐያሲ ሕክምና እንዲማር መከረው። ምክሩን ተቀብሎ ሐኪም ሆነ፤ ነገር ግን በ1844 ለመምህርነት ተፈትኖ ወደቀ። እርሱ ግን ምርምሩን አልተወም።

በዚያን ዘመን ስኳር የሚሠሩት ዕፀዋት ብቻ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ቤርናር ግን በ1848 ስኳር ያልቀመሰን ውሻ ቢመረምር፥ ከጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። በ1855 ደግሞ አንድ ጉበት ስኳሩ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ በውሃ አጥቦ አስቀመጠው፤ በማግሥቱ ቢያየው ስኳሩ እንደ ገና ተገኘ። እንግዲህ ጉበት ስኳር የሚወጣበትን ነገር አከማችቶ ይይዛል ማለት ነው። ይህንንም ነገር በ1857 ለይቶ አወጣው፤ ስሙም ግላይኮጅን ነው።

ስለዚህ ጉበት እንደ ገበሬ ጎተራ ነው፤ ስንበላ ያስገባል፥ ስንጾም ያወጣል። ጎተራው ግን ልክ አለው፤ የአዋቂ ሰው ጉበት የሚይዘው 100 ግራም ያህል ነው። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ ከልኩ ካለፈው ስኳር ጉበት ስብ ይሠራል። ስቡም ወደ ሌላው አካል ይላካል፤ ሲበዛ ግን እዚያው ጉበት ውስጥ ተከማችቶ ይጎዳዋል።

ይህ ዕውቀት በቀላሉ አልተገኘም። ቤርናር በሕይወት ያሉ እንስሳትን እየቀደደ መመርመሩን ባለቤቱ አጥብቃ ስለ ጠላች ተለያዩ፤ የእንስሳቱም ሥቃይ እስከ ዛሬ ሰውን ያከራክራል። በ1878 ባረፈ ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት በክብር አስቀበረው፤ በዚያ አገር ለሳይንስ ሊቅ እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር።

እኛም ከዚህ ሰው ሕይወት፥ ፈተና መውደቅ የትምህርት ፍጻሜ አለመሆኑን፥ የተነገረንንም ሁሉ መርምረን መቀበል እንደሚገባን እንማራለን። ከወላጆቻችን ጋር በሻያችን ላይ ስኳር ስንደራርብም የጎተራውን ልክ እናስብ።