ሰር ጆን ቻርንሊ፦ ለዳሌ ሕሙማን እርምጃን የመለሱ ሐኪም

በዛሬው ጊዜ በመላው ዓለም እጅግ በርካታ ሰዎች በዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ሕክምና ከሥቃይ ተላቀው ይራመዳሉ፤ ደረጃ ይወጣሉ፤ የዕለት ሥራቸውንም ያከናውናሉ። ለዘመናዊው ሕክምና መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው ሕክምናው ምን እንደሚሰጥና ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ ለመረዳት ስለሚያግዝ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1911 በሰሜናዊ እንግሊዝ በምትገኘው በሪ ከተማ ከመድኃኒት ባለሙያ አባትና ከነርስ እናት ተወለዱ። በማንችስተር ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታንያ ጦር የሕክምና ክፍል በግብፅ ካገለገሉ በኋላ ወደ ማንችስተር ተመለሱ።

በዚያ ዘመን የዳሌ መገጣጠሚያቸው የተበላ ሕሙማን ጫማ ማሰር፣ ከወንበር መነሣትና በአልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ ይሳናቸው ነበር። ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ የጭን አጥንትን ራስ በፕላስቲክ መተካት ሲሆን፣ ይህ የተደረገለት አንድ ታካሚ ሲንቀሳቀስ ዳሌው የሲጥሲጥታ ድምፅ ያሰማ ነበር። ቻርንሊ ድምፁን በቀላሉ አላለፉትም። በተተካው ራስና በዳሌው ጎድጓዳ መካከል ከፍተኛ ሰበቃ መኖሩን ተገነዘቡ፤ ሰበቃው ካልቀነሰም ተካዩ አካል ውሎ አድሮ እንደሚላላ ተረዱ።

ስለሆነም በራይቲንግተን ሆስፒታል ባደረጉት ምርምር 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አነስተኛ የብረት ራስ በለስላሳ ፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲሽከረከር አደረጉ። ሁለቱንም ክፍሎች ከአጥንት ጋር ለማያያዝ አክሪሊክ ሲሚንቶ ተጠቀሙ። ለጎድጓዳው በመጀመሪያ የመረጡት ቴፍሎን ነበር። ታካሚዎች ወዲያው ከሕመም ስለተገላገሉ ውጤቱ አስደሳች መሰለ።

ይሁን እንጂ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቴፍሎኑ ተበላ፤ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት ጎዳ። ሕክምናውን ያገኙት 300 ያህል ሰዎች ስለነበሩ፣ ብዙዎቹ እንደገና በቀዶ ሕክምና መታከም ግድ ሆነባቸው። ቻርንሊ ስሕተታቸውን አልሸሸጉም። የቁሶቹን ጉዳት ለመለየት ናሙናዎችን በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው እስከ መመርመር ደረሱ። በ1962 ረዳታቸው ሃሪ ክሬቨን የፈተነው ፖሊኢትሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ከቴፍሎን እጅግ ያነሰ መበላት ማሳየቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በታካሚ ላይ መዋል ጀመረ፤ ውጤቱም ዘላቂ ሆነ።

ቻርንሊ በዚህ አልረኩም። የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳይመረቅዝ በተጣራ አየር የተከለለ የቀዶ ሕክምና ክፍል አዘጋጁ። ታካሚዎቻቸውንም ለዓመታት ተከታተሉ። በ1977 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ በ1982 ዐረፉ።

የሥራቸው ፍሬ በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ውስጥ ይታያል። በሜዳ ላይ ስንራመድ ዳሌ በድምሩ 40 ዲግሪ ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ወንበር ላይ ስንቀመጥ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፤ በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ስንቀመጥ ወይም ቁጢጥ ስንል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። የተተካ መገጣጠሚያ የመጀመሪያዎቹን በአብዛኛው ያለ ሕመም ያከናውናል። ሆኖም ከልክ በላይ ሲታጠፍና ሲጠማዘዝ ራሱ ከጎድጓዳው ሊወጣ ይችላል። ትንሹ ራስ ሰበቃን ቢቀንስም ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ተለቅ ያለ ራስ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሕክምናውን ያገኙ ወይም ለማግኘት የሚጠባበቁ ተገልጋዮች በበርጩማ ላይ መቀመጥ፣ እግር ማጣመር፣ በቁጢጥ መጸዳዳትና ለጸሎት መስገድ መቼና እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቀድላቸው ቀዶ ሐኪማቸውን አስቀድመው እንዲጠይቁ ይመከራል። መልሱ እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነትና እንደ ታካሚው ሁኔታ ይለያያል። የቻርንሊ ሕይወት እንደሚያስገነዝበው፣ የሕክምናው ውጤት የሚለካው ታካሚው ከሆስፒታል በሚወጣበት ዕለት ሳይሆን በሚቀጥሉት ዓመታት ነውና የክትትል ቀጠሮን ማክበር ተገቢ ነው።