ሰዓት ሠሪው ሎረንስ ሐሞንድና ኦርጋኑ



ባለፈው ክረምት እዚሁ ቁስቋም ቤቴ የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ ትንሽ ኪቦርድ ሰክቶ ሲነካካ፣ በወጣትነታችን የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ያሰማን የነበረውን የመሰለ የኦርጋን ድምፅ ወጣ። ኦርጋኑ የታለ ብለው፣ የሐሞንድን ኦርጋን የሚተካ ፕሮግራም ነው አለኝ። እኔም አስመሳይ ነገር ነው ብዬ ገሠጽኩት። ኋላ ግን የሠሪውን ታሪክ እያነበበ ሲነግረኝ መቸኮሌ ገባኝ። ታሪኩን ባጭሩ ላቅርብላችሁ፤ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሎረንስ ሐሞንድ በ1895 በአሜሪካ፣ ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ኤቫንስተን ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተበት ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ልጅነቱንም ያሳለፈው በፈረንሳይ አገር ነው። በ1916 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመሐንዲስነት ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምቶ ተመለሰ። በ1928 የኤሌክትሪክ ሰዓት ኩባንያ አቋቋመ። ብዙ ሳይቆይ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ገበያው ቀዘቀዘ። ሐሞንድ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ካርታ በራሱ በውዞ የሚያድል ጠረጴዛ ሁሉ ሠርቷል።

ከዚያ ወደ ሙዚቃ ዞረ። የሚገርመው ራሱ ሙዚቀኛ አልነበረም። አሮጌ ፒያኖ ገዝቶ ቁልፎቹን ብቻ አስቀረና፣ ከሰዓቱ የለመደውን ሞተር ገጠመበት። ሞተሩ ጥርስ ያላቸውን 91 የብረት ጎማዎች ያሽከረክራል። ጥርሶቹ በማግኔት አጠገብ ሲያልፉ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያ በማጉያ ሲወጣ ድምፅ ይሆናል። በ1934 ፓተንት አገኘ፣ በ1935 ለገበያ አቀረበ።

ትልቁን የቧንቧ ኦርጋን ለመግዛት አቅም ያነሳቸው የፈረንጅ አብያተ ክርስቲያናት ገዙት። የቧንቧ ኦርጋን ሰዎች ግን አልወደዱለትም። ነገሩ እስከ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ደርሶ፣ በ1938 ኦርጋኑን ከቧንቧው ጋር እኩል የሚያደርገውን ማስታወቂያ እንዲተው ታዘዘ። ለካ እሱም አስመሳይ ተብሎ ነበር!

ኦርጋኑ ጉድለትም ነበረበት። ቁልፉ ሲነካ ቀጭ ይላል፤ ያልተነካው ድምፅም ከተነካው ጋር ሾልኮ ይሰማል። ፋብሪካው እንደ ስሕተት ቢቆጥረውም፣ በ1950ዎቹ ጂሚ ስሚዝን የመሳሰሉ የጃዝ ተጫዋቾች ያችኑ ቀጭታ ውበት አደረጓት።

ሐሞንድ በ1960 ጡረታ ወጣ፣ በ1973 ሞተ። ባለጎማው ኦርጋንም ብዙ ሳይቆይ መሠራቱ ቀረ። ትልቁ ኦርጋን ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ ዛሬ በየቦታው ተሸክሞት የሚዞር ጥቂት ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎቹ የጎማዎቹን ድምፅ አንድ በአንድ አጥንተው፣ ቀጭታውንና ሹልክታውን ሳይቀር ሆን ብለው ከተቱበት። እሱ ከሌለ ኦርጋኑ ኦርጋኑን አይመስልም አለኝ ልጁ።

እኛስ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሟችን ስናነሣ የምንናፍቀው ደግነቱን ብቻ ነው እንዴ? ሳሉንና ቁጣውንም ጭምር እኮ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ አሁን ማታ ማታ እያጫወተኝ ነው።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ለእኛም ጤናውን ይስጠን።