ኤድዋር ዘከንዶርፍ፦ የጦር ሐኪሙና በስማቸው የሚጠራው ቲዎረም

100ን የ89፣ የ8 እና የ3 ድምር አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ሦስቱም ቁጥሮች በፊቦናቺ ተርታ ውስጥ ይገኛሉ፤ ይህም 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89 እያለ የሚቀጥል፣ ከሦስተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ አባል ከእርሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበት ተርታ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች መካከል በተርታው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የሉም። ተመሳሳይ አባል ሳይደገም፣ ጎረቤታሞችም ሳይጣመሩ 100ን የሚሰጥ ሌላ የፊቦናቺ ድምር የለም። ይህ ለ100 ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም የመቁጠሪያ ቁጥር እውነት መሆኑን የሚገልጸው ቲዎረም የዘከንዶርፍ ቲዎረም ይባላል። ስሙን የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ያጠና ሁሉ ያውቀዋል። ባለ ስሙ ማን እንደ ነበሩ ግን ብዙ አይነገርም፤ ሒሳብ የትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው እንጂ መተዳደሪያቸው አልነበረም።

ኤድዋር ዘከንዶርፍ በምሥራቅ ቤልጅየም በምትገኘው በልዬዥ ከተማ ሜይ 2 ቀን 1901 ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ከኔዘርላንድስ የመጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ልጅየውም የሕክምናን መንገድ ተከትለው በ1925 ከልዬዥ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ፤ ወዲያውም የቤልጅየም ጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍልን ተቀላቀሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጥርስ ቀዶ ሕክምናም የሙያ ፈቃድ አግኝተዋል። የውትድርና ማዕረግ፣ የሐኪም ቤት ተራ፣ የጥርስ ሕክምና፤ የቁጥር ሥራው የሚሠራው ከእነዚህ ሁሉ በተረፈው ሰዓት ነበር።

በ1939 የቲዎረማቸው ማረጋገጫ በእጃቸው ነበረ። ማረጋገጫው የተራቀቀ መሣሪያ አይሻም። ባለ ሱቅ መልስ ሲቆጥር ከትልቁ ብር እንደሚጀምር፣ ከተሰጠን ቁጥር የማይበልጠውን ትልቁን የፊቦናቺ ቁጥር ወስደን እንቀንስ። የሚተርፈው ቀሪ አሁን ከወሰድነው አባል በፊት ካለው አባል ያነሰ መሆን አለበት፤ ካላነሰ የሁለቱ ድምር፣ ይኸውም በተርታው ቀጥሎ የሚመጣው አባል፣ በተሰጠን ቁጥር ውስጥ ይገባ ነበርና መጀመሪያውኑ የምንወስደው እርሱን ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው የምንወስደው አባል የመጀመሪያው ጎረቤት ሊሆን አይችልም። በቀሪው ላይ ያንኑ ሥራ እየደጋገምን ዜሮ ላይ እንደርሳለን።

ውክልናው አንድ ብቻ መሆኑን ማሳየት ትንሽ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጎረቤታሞች ያልሆኑ አባላትን ከአንድ አባል ጀምሮ ወደ ታች ብንደምር፣ ድምሩ ከዚያ አባል ቀጥሎ ያለውን ፈጽሞ አይደርስበትም። ከ89 ጀምረን አንድ እየዘለልን የምንችለውን ያህል ብንሰበስብ 89፣ 34፣ 13፣ 5 እና 2 እናገኛለን፤ ድምራቸው 143 ነው፣ ከ144 በአንድ ያንሳል። እንግዲህ አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ውክልናዎች አሉት ብንል፣ የጋራ የሆኑትን አባላት ከሁለቱም እናንሣ። ከተረፉት ትልቁ አባል በአንደኛው ወገን ብቻ ይገኛል፤ የሌላው ወገን ድምር ደግሞ ያንን አንድ አባል እንኳ ሊደርስበት አይችልም። ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው የተባለው ፈረሰ ማለት ነው።

ይህ ማረጋገጫ በአንድ ገጽ ያልቃል። ለኅትመት ለመብቃት ግን 33 ዓመት ፈጀ።

በሜይ 1940 የጀርመን ጦር ቤልጅየምን ወረረ፤ አገሪቱ ከ18 ቀን ውጊያ በኋላ እጇን ሰጠች። ዘከንዶርፍ ተማረኩ። እስከ 1945 ድረስ በምርኮ ቆይተው፣ በእነዚያ ዓመታት የቃል ኪዳን አገሮች ምርኮኞችን በሐኪምነት ይረዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ጦሩን አልለቀቁም፤ በኮሎኔልነት ማዕረግ በጡረታ የተሰናበቱት በ1957 ነው።

ቲዎረሙ በኅትመት ብቅ ያለው እርሳቸው ገና ዩኒፎርም ለባሽ ሳሉ ነበር፣ ግን በሌላ ሰው እጅ። ሆላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሌከርከርከር በ1952 ሲሞን ስቴቪን በተባለው መጽሔት በሆላንድ ቋንቋ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ቲዎረሙን ከማቅረብ አልፎ፣ አንድን ቁጥር ለመጻፍ በአማካይ ስንት የፊቦናቺ አባላት እንደሚያስፈልጉ ጠየቀ። መልሱ የሚያምር ነው፦ በተርታው በአንድ አባልና በሚቀጥለው መካከል ያሉ ቁጥሮች የሚያስፈልጓቸው አባላት አማካይ ብዛት፣ የአባሉ ተራ ቁጥር በ0.276 ገደማ ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። ይህ ቋሚ ቁጥር የሚገኘው ወርቃማው ምጥጥን በራሱ ተባዝቶ አንድ ከተጨመረበት በኋላ፣ አንድን ለውጤቱ በማካፈል ነው።

በ1960 ዴይኪን የተባሉ ተመራማሪ የነገሩን ሌላ ፊት አሳዩ፦ እያንዳንዱን የመቁጠሪያ ቁጥር ጎረቤታሞች ባልሆኑ አባላቱ በአንድ መንገድ ብቻ የሚወክል ተርታ ከፊቦናቺ ተርታ ሌላ የለም። በ1964 ደግሞ ፊቦናቺ ኳርተርሊ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ብራውን ያሳተሙት ጽሑፍ የዘከንዶርፍን ስም በርእሱ ላይ ይዞ ወጣ። ባለ ስሙ በጉዳዩ ላይ የራሳቸውን ጽሑፍ ያሳተሙት ከዚያ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ በልዬዥ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ቡለቲን ላይ ነው። አራት ገጽ ብቻ ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው የጡረታ ኮሎኔል በተማሩበት ከተማ መጽሔት የፊቦናቺን ቁጥሮች ብቻ ሳይሆን የሉካስንም ተርታ አነሡ፤ ይህም 2፣ 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18 እያለ የሚቀጥለው ነው። በዚህ ተርታ ነገሩ በቀጥታ አይሠራም። 5ን የ4 እና የ1፣ ደግሞም የ3 እና የ2 ድምር አድርገን መጻፍ እንችላለን፤ በሁለቱም ጥንዶች ጎረቤታሞች የሉም። ውክልናው አንድ ብቻ እንዲሆን 2 እና 3 በአንድ ድምር ውስጥ አብረው እንዳይገቡ ተጨማሪ ክልከላ ያስፈልጋል።

ታዲያ ቲዎረሙ የማን ነው? ጥያቄው የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በምርምር ዓለም ቀዳሚነት የሚለካው በኅትመት ቀን ነውና። በኅትመት ቀን ከሄድን ከዘከንዶርፍ ይልቅ ሌከርከርከር ይቀድማሉ። ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ኦስትሮቭስኪ በ1922 ባወጡት ሥራ ማንኛውንም የመቁጠሪያ ቁጥር በአንድ ኢምክንያታዊ ቁጥር የተከታታይ ክፍልፋይ ታሕቶች አማካይነት የመጻፍን አጠቃላይ ሥርዓት ሰጥተዋል። ኢምክንያታዊው ቁጥር ወርቃማው ምጥጥን ሲሆን ታሕቶቹ የፊቦናቺ ቁጥሮች ይሆናሉ፤ የኦስትሮቭስኪ ሕግም ጎረቤታሞችን የሚከለክለው ሕግ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ስሙ ለዘከንዶርፍ መቅረቱ ግፍ አይደለም። አጠቃላዩ ውጤት ልዩውን በውስጡ መያዙ አንድ ነገር ነው፤ ልዩውን ለብቻው አውጥቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚከተለው ማረጋገጫ ማቅረብ ሌላ ነው።

በውጭ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያን ማባዣ እየተባለ የሚጠራውን ዘዴ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ዘመድ ያገኛል። በዚያ ዘዴ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን እያጠፉ ማባዛት የሚቻለው፣ ማንኛውም ቁጥር ከ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ተርታ በተመረጡ አባላት በአንድ መንገድ ስለሚጻፍ ነው። በዘከንዶርፍ ውክልናም እንዲሁ ይሠራል፤ ማጠፍ እንኳ አያስፈልግም፣ መደመር ብቻ ይበቃል። 19ን በ27 ለማባዛት ከ27 እና ከ54 ተነሥተን እየደመርን 81፣ 135፣ 216፣ 351 እንጽፋለን። 19 የ13፣ የ5 እና የ1 ድምር ስለሆነ፣ ከእነርሱ አንጻር ያሉትን 351፣ 135 እና 27 ደምረን 513 እናገኛለን።

ዘከንዶርፍ ሜይ 16 ቀን 1983 አረፉ። ከአራት ዓመት በኋላ አፖስቶሊኮና ፍሬንክል የተባሉ ተመራማሪዎች ውክልናውን መረጃ ለማስተላለፊያ ኮድ አዋሉት። በዘከንዶርፍ ውክልና ሁለት 1 ጎን ለጎን ስለማይገኙ፣ በቁጥሩ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ 1 ቢለጠፍ ጎን ለጎን የቆሙት ሁለት 1 ቁጥሩ እዚህ ላይ አለቀ የሚል ምልክት ይሆናሉ። ከትንሹ አባል ጀምረን ስንጽፈው 19 በዚህ ኮድ 1001011 ነው። በመንገድ ላይ አንድ አኃዝ ቢበላሽ እንኳ ስሕተቱ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነክቶ ያልፋል፤ ቀጣዩን የጎን ለጎን 1 ያገኘ ተቀባይ ንባቡን ከዚያ ይቀጥላል።