አብዱላህ አል ጡረይቂ፦ የነዳጅን ሒሳብ የመረመሩት ምሁር

ዛሬ እንደ አል ዑለያ ያሉ ሰፋፊ ሠፈሮች የተዘረጉባት አል ኾባር በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓሣ አጥማጆችና የዕንቁ ጠላቂዎች መንደር ነበረች። በማርች 1938 በአቅራቢያዋ ዳህራን ላይ የደማም ቁጥር 7 ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ማፍለቅ ሲጀምር፣ ድፍድፉ በጀልባ ተጭኖ ወደ ባሕሬን የተሻገረው ከዚችው መንደር ነው። ይህ ዘይት ባሕር ማዶ በስንት እንደሚሸጥና ማን ስንት እንደሚያተርፍ ግን በጠረፉ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ሒሳብ አጥንተው ካፍታቱት ሳውዲዎች መካከል ቀዳሚው አብዱላህ አል ጡረይቂ ናቸው።

ጡረይቂ በ1910ሮቹ መገባደጃ በነጅድ፣ ዙልፊ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ግመል ጭነው ወደ ኩዌት የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ በኩዌት ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ወደ ካይሮ ተልከው፣ በዚያን ጊዜ ፉአድ ቀዳማዊ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምድርና በኬሚስትሪ ተመረቁ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1947 ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በቴክሳኮ ኩባንያም የሥራ ልምምድ አደረጉ።

የሥነ ምድር ተማሪ የሚመረምረው ከመሬት በታች ያለውን ነው። ቴክሳስ ግን ከመሬት በላይም የሚመረመር ነገር ነበራት። በ1930 በምሥራቃዊ ክፍሏ ግዙፍ የነዳጅ ክምችት በተገኘ ጊዜ ባለመሬቱ ሁሉ የቻለውን ያህል በመቅዳቱ የአንድ በርሜል ዋጋ እስከ 10 ሳንቲም ገደማ አሽቆለቆለ። በ1931 የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ወታደር አዝምተው ጉድጓዶቹን አዘጉ፤ ያውም ነፃ ገበያን እጅግ በምታወድስ አገር። ከዚያ በኋላ፣ ስሙ ነዳጅን ፈጽሞ የማያነሣው የቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ኮሚሽን፣ ከየጉድጓዱ ምን ያህል በርሜል እንደሚቀዳ በየወሩ ይወስን ጀመር። ጡረይቂ የተማሩት ይህ ሥርዓት በሥራ ላይ በዋለበት አገር ነው። የሚቀዳውን መጠን የያዘ ዋጋውንም ይይዛል፤ ዋጋ እንደ ዘይቱ ከምድር በራሱ አይፈልቅም። በዚያው በቴክሳስ፣ መልካቸው ሜክሲኮአዊ ስላስመሰላቸው ከአንዳንድ ስፍራዎች እንዳይገቡ ተከልክለውም ነበር።

በ1948 ተመልሰው በደማም ነዳጅን በሚቆጣጠረው የገንዘብ ሚኒስቴር ጽሕፈት ቤት ሥራ ጀመሩ። አራምኮን ከያዙት አራት የአሜሪካ ኩባንያዎች አንዱ ልምምድ ያደረጉበት ቴክሳኮ በመሆኑ፣ የሚከራከሩትን ወገን ከውስጥ ያውቁት ነበር። በ1933ቱ ውል መሠረት መንግሥት የሚያገኘው በቶን አራት የወርቅ ሽልንግ ነበር፤ በዲሴምበር 1950 ደግሞ ትርፉ እኩል እንዲከፈል ተስማሙ። ኩባንያዎቹ የከፈሉትን በአሜሪካ ካለባቸው ግብር ላይ ስለሚያቀናንሱት ብዙም አልተጎዱም። ስምምነቱ ብዙዎችን አስደሰተ።

ጡረይቂ ግን የሚከፈለው ትርፍ ከየትኛው ዋጋ ተነሥቶ እንደሚሰላ ጠየቁ። አራምኮ ድፍድፉን ለገዛ ባለቤቶቹ በቅናሽ ሲሸጥ ከነበረ፣ እኩል የተባለው ትርፍ ከመከፈሉ በፊት ተሸርሽሯል ማለት ነው። ደግሞም ዘይቱ ከጉድጓድ ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ መርከብ፣ ከዚያም ወደ ማጣሪያና ወደ ማደያ ሲያልፍ በየደረጃው ይተረፍበታል፤ አምራቹ አገር ድርሻ የነበረው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነበር። በ1950 ተጠናቅቆ እስከ ሊባኖሷ ሲዶን የተዘረጋው የታፕላይን ቧንቧ ትርፍም ይታሰብ ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። የሚሹት ሰንሰለቱን ከጉድጓድ እስከ ማደያ የያዘ ኩባንያ፣ በዚያም ውስጥ የአገራቸውን ድርሻ ነበር። በዘመኑ ይህን እንደ ቅዠት የቆጠሩት ጥቂቶች አልነበሩም።

በ1957 አንድ የጃፓን ኩባንያ ለሳውዲ ዓረቢያ 56 በመቶ ለመስጠት ሲዋዋል የእኩል ድርሻው ወሰን ተጣሰ። በ1959 ጡረይቂና ሐፊዝ ወህባ መንግሥትን ወክለው በአራምኮ ቦርድ ተቀመጡ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ኩባንያ ቢፒ አምራች አገሮችን ሳያማክር ግብር የሚሰላበትን ዋጋ በበርሜል 18 ሳንቲም ያህል ቀነሰ። በኤፕሪል በካይሮ የዓረብ ነዳጅ ጉባኤ ሲካሄድ ጡረይቂ ከቬኔዙዌላው ሚኒስትር ሁዋን ፓብሎ ፔሬዝ አልፎንሶ ጋር ተገናኙ። እኒህ ሰው በዋሽንግተን በስደት ሳሉ ያንኑ የቴክሳስ ኮሚሽን አሠራር ያጠኑ ናቸው። ከሌሎች አምራቾች ተወካዮች ጋር በማዓዲ በምሥጢር መከሩ። በኦገስት 1960 የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ዋጋውን እንደገና ሲቀንስ ወር ያህል ቆይቶ አምስት አገሮች በባግዳድ ተሰብስበው ኦፔክን መሠረቱ፤ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳውዲ ዓረቢያና ቬኔዙዌላ።

በዲሴምበር 1960 ጡረይቂ የመጀመሪያው የነዳጅ ሚኒስትር ሆኑ፤ በማርች 1962 ተነሡ። በአመራሩ ውስጥ የነበረው አለመግባባት አንድ ምክንያት ነው፤ የእርሳቸውም አንደበት ለስላሳ አልነበረም። በቦታቸው አሕመድ ዘኪ ያማኒ ተተኩ። በቀጣዩ ዓመት በዳህራን የነዳጅና የማዕድን ኮሌጅ ሲቋቋም ጡረይቂ በአገሪቱ ሹመት አልነበራቸውም። በቤይሩት ሆነው ናፍጥ አል ዓረብ የተባለ መጽሔት አሳተሙ፣ የዓረብ መንግሥታትን አማከሩ፣ ነዳጁ በቀጥታ እንዲወረስ ሰበኩ። ያማኒ ቀስ በቀስ የሚሄደውን መንገድ መረጡ፤ መንግሥት በ1973 የአራምኮን 25 በመቶ፣ በ1980 ሙሉውን ድርሻ ያዘ። በፍጥነት ይለያዩ እንጂ ሁለቱም የሄዱት ወደ አንድ ስፍራ ነበር።

ጡረይቂና ፔሬዝ አልፎንሶ ከመነሻው የተመኙትን የምርት ኮታ ኦፔክ የተቀበለው በ1982 ነው። ቬኔዙዌላዊው በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ጡረይቂ ከሚኒስትርነት ከወረዱ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ1997 በካይሮ አረፉ።