ስቲቭ ፕሪፎንቴይንና የፓሲፊክ ዳርቻ ሯጮች

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየአካባቢያቸው ተሰባስበው ኮንፈረንስ የሚባል የውድድር ማኅበር ያቋቁማሉ፤ እያንዳንዱ ማኅበርም ከሌሎቹ በልጦ የሚታወቅበት የስፖርት ዓይነት አለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራቡ ዳርቻ የነበረው የፓሲፊክ 8 ኮንፈረንስ፣ በ1978 ሁለት አባሎች ተጨምረውለት ፓሲፊክ 10 የተባለው፣ በቅርጫት ኳስ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. አማካይነት ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 የውድድር ዓመታት 10 ጊዜ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ወስዷል። በቤዝቦል የደቡብ ካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ከ1970 እስከ 1974 አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። በውሃ ፖሎማ ነገሩ ጭራሽ ለሌላው የሚተርፍ አልነበረም፤ የወንዶቹ ሻምፒዮና ከተጀመረበት ከ1969 እስከ 2024 ድረስ ዋንጫው ከካሊፎርንያ ወጥቶ አያውቅም፤ ከጥቂቶቹ በቀርም ያሸነፉት የዚሁ ኮንፈረንስ አባሎች ናቸው።

እኛን ይበልጥ የሚስበን ግን የረጅም ርቀት ሩጫው ነው። ከ1970 እስከ 1979 በተደረጉት 10 የዩኒቨርሲቲዎች የአገር አቋራጭ ሻምፒዮናዎች፣ በግል አንደኛ ከወጡት ውስጥ ሰባቱ የዚህ ኮንፈረንስ ተማሪዎች ነበሩ። ሦስቱን የወሰደው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ ነው፤ ለዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሮጥ የነበረው ይህ ተማሪ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ሬኮርዶችን ሰበረ። አንዱን አልቤርቶ ሳላዛር አሸነፈ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን፣ የ1970ን፣ የ1971ንና የ1973ን፣ የወሰደው ደግሞ ሕይወቱን ባጭሩ የምንተርከው ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ነው።

ፕሪፎንቴይን ጥር 25 ቀን 1951 ኩስ ቤይ በምትባል የኦሪጎን የወደብና የጣውላ ከተማ ተወለደ። አባቱ አናጢ፣ እናቱ ከጀርመን የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች። በልጅነቱ የአሜሪካን እግር ኳስ ለመጫወት ቢሞክርም ቁመቱና ክብደቱ አልረዱትም፤ ስለዚህ ወደ ሩጫ ዞረ። በ1969 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ሁለት ማይልን በ8 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ከ5 ሮጦ የአሜሪካን የተማሪዎች ሬኮርድ ሰበረ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቢፈልጉትም የመረጠው በዚያው በክፍለ ሀገሩ፣ በዩጂን ከተማ ያለውን የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ ነበር። እዚያ ያሠለጠኑት ቢል ባወርማንና ረዳታቸው ቢል ዴሊንጀር ናቸው። ዴሊንጀር በ1964 በቶኪዮ በ5 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙ ሰው ሲሆኑ፣ ባወርማን ደግሞ ኋላ ናይኪ ከተባለው የጫማ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ ናቸው።

በዩኒቨርሲቲ ቆይታው የሦስት ማይልን (በ1972 ደግሞ የ5 ሺህ ሜትርን) የአገሪቱን ሻምፒዮና ከ1970 እስከ 1973 አራት ዓመት ያለማቋረጥ አሸነፈ። በአንድ የትራክ ውድድር ይህን ያደረገ ከእርሱ በፊት አልነበረም። አሯሯጡ ግን ቀላል አልነበረም። ሌሎቹ ከኋላ ተደብቀው እስከ መጨረሻው ዙር ሲጠብቁ እርሱ ከፊት ሆኖ እየጎተታቸው ያደክማቸው ነበር። ሕክምና የምንማር ሰዎች አንድ ቁጥር ሳንጠቅስ ማለፍ አይሆንልንም፦ ሰውነቱ በደቂቃ የሚጠቀምበት ከፍተኛ የኦክሲጅን መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 84.4 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተለክቷል። የአንድ ጤነኛ ወጣት ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ነው። ከፊት ለመሮጥ የሚያበቃው ሳንባና ልብ ነበረው ማለት ነው፤ የመጨረሻው 200 ሜትር ፍጥነት ግን ሌላ ስጦታ ነው፤ እርሱም ለፕሪፎንቴይን የተሰጠው በመጠኑ ነበር።

ይህም በሙኒክ ታየ። መስከረም 10 ቀን 1972 በተደረገው የ5 ሺህ ሜትር ፍጻሜ የ21 ዓመቱ ወጣት አራት ዙር ያህል ሲቀር መሪነቱን ይዞ ሩጫውን አከረረው። በመጨረሻው ዙር ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረንና ቱኒዝያዊው መሐመድ ጋሙዲ ቀደሙት፤ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደግሞ እንግሊዛዊው ኢያን ስቱዋርት አልፎት አራተኛ ሆነ። ለብር ወይም ለነሐስ ብሎ ቆጥቦ ቢሮጥ ኖሮ ሜዳሊያ ሳያገኝ አይቀርም ነበር፤ እኛ ግን በዚህ አንወቅሰውም።

በዚያ ፍጻሜ መኖር የነበረበት አንድ ሌላ ሰው ነበር። የእኛው ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ በ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ላይ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ይነገራል። ሁለቱ ከዚያ በፊት በ1971 በሰሜን ካሮላይና በአሜሪካና በአፍሪካ ቡድኖች ውድድር ተገናኝተው ነበር። ምሩጽ ዙሩን ስቶ አንድ ዙር ሲቀር የጨረሰ መስሎት ስለቆመ ፕሪፎንቴይን አሸነፈ፤ በማግስቱ ምሩጽ በ10 ሺህ ሜትር ፍራንክ ሾርተርን ረታ። ፕሪፎንቴይን ቢኖር እንኳ በኦሊምፒክ አይገናኙም ነበር፤ በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ቀረች፣ በ1980 አሜሪካ ከሞስኮ ቀረች።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላ የገጠመው ችግር የሩጫ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የአማተር ስፖርት ማኅበር ሯጩ የትና ከማን ጋር እንደሚወዳደር ይወስናል፤ ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። ስታዲየሙን በተመልካች የሚሞላው ሰው በተጎታች ቤት ይኖር፣ በመንግሥት የምግብ ኩፖን ይኖር፣ መጠጥ ቤት ውስጥም ይሠራ ነበር። እርሱ ይህን በግልጽ ተቃወመ፤ በ1975 ጸደይም ማኅበሩን ሳይጠብቅ የፊንላንድ ሯጮችን ራሱ ጋበዘ። አሜሪካ የአማተር ስፖርት ሕጓን የለወጠችው በ1978 ነው፤ እርሱ አልደረሰበትም።

ግንቦት 29 ቀን 1975 ከእነዚያው እንግዶች ጋር በዩጂን ሄይዋርድ ፊልድ በተደረገው ውድድር 5 ሺህ ሜትርን በ13 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ከ8 አሸነፈ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከግብዣ ሲመለስ መኪናው ከድንጋይ ግድግዳ ጋር ተጋጭታ ተገለበጠችበት። ፖሊስ በደሙ አልኮል ተገኝቷል ሲል ወዳጆቹ አልተቀበሉትም። የገደለው የመኪናዋ ክብደት ደረቱን ተጭኖ መተንፈስ ስለከለከለው ነው፤ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበትን ሰው የሚያድነው ጭነቱን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያነሳለት ሰው ማግኘት ብቻ ነው። ያን የመሰለ ሳንባ አየር አጥቶ ቆመ። ዕድሜው 24 ነበር፤ ከ2 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሜትር ያሉት የአሜሪካ ሬኮርዶች ሁሉ በእጁ ነበሩ።

ኮንፈረንሱ በኋላ ፓሲፊክ 12 ሆኖ በ2024 ከአባሎቹ አሥሩ ሲለቁት ፈረሰ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ደረሰ፤ የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲም ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ ገባ። ሄይዋርድ ፊልድ ግን እንደገና ተሠርቶ በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ተደረገበት፤ ኢትዮጵያም በ4 ወርቅ ሁለተኛ ወጣች። በዚያው ትራክ፣ በፕሪፎንቴይን ስም በሚጠራው ውድድር፣ መስከረም 2023 ላይ ጉዳፍ ጸጋይ 5 ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ0 ሰከንድ ከ21 ሮጣ የዓለምን ሬኮርድ ሰበረች። ይህንንም በሐምሌ 2025 ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት አሻሻለችው፤ እዚያው ትራክ ላይ፣ በዚያው ውድድር።